ስለ ባለአደራ፣ ስለ ወቅፍ ናዚርና ስለ የቲም ገንዘብ ጠባቂ

 

የተከበራችሁ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ሙስሊሞች ሆይ፤ ዛሬ የምንናገረው በሌላ ሰው ሀብት ላይ እጁን እንዲያሳርፍ ስለ ታመነ ሰው ግዴታ ነው። ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚህ አገር በደረሰ ጊዜ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ስንቱ ነጋዴ የሱቁን ቁልፍ ለጎረቤቱ፣ ስንቱ ገበሬ ከብቱንና እህሉን ለዘመዱ ሰጥቶ ተሰደደ! የተሰጠውን በሙሉ የመለሰ አለ፤ አላህ ምንዳውን ያብዛለት። «ሁሉም ተዘረፈ» ብሎ ነገሩን የዘጋም አለ። ይህ ሁለተኛው እውነቱን ተናግሮ እንደ ሆነ በሸሪዓ ዕዳ የለበትም፤ ባለአደራ ያለ ጥፋቱ ለጠፋው አይጠየቅምና፣ ቃሉ በመሐላ ይታመንለታል። ነገር ግን ጤፉን ሸጦ ዋጋውን በራሱ ንግድ ላይ ያዋለ፣ ወይም ጥበቃውን በቸልታ የተወ እንደ ሆነ ዕዳው በአንገቱ ላይ ነው፤ የዘራፊው መምጣትም ከዚያ አያድነውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ፣ ሊገድሏቸው የተማከሩት የመካ ሰዎች ያስቀመጡባቸውን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዓሊይን በመካ አስቀርተዋል። እንግዲህ የጠላት አማና እንኳ እንዲህ ከተጠበቀ፣ የጎረቤትና የወንድም አማና እንዴት ሊጠበቅ ይገባው ይሆን?

ከአማና ሁሉ የሚከብደው የየቲም ገንዘብ ነው። አላህ በሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ሀብት ያለ አግባብ የሚበላ ሰው በሆዱ እሳት እንደሚያስገባ አስጠንቅቋል። ባልደረቦቹ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ደንግጠው የየቲሙን ምግብ ከራሳቸው ለዩ፤ የተረፈውም እስኪበላሽ ድረስ የሚነካው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሱረቱል በቀራህ ለየቲሙ በሚበጅ መንገድ ማዕዱን አንድ ማድረግ ተፈቀደ። ስለዚህ አጎት የወንድሙን ልጆች በአንድ ገበታ ቢያበላ ነውር የለበትም። ነውሩ የሟቹን ሱቅ በራሱ ስም አዙሮ፣ «እኔ አይደለሁምን የማሳድጋቸው?» ማለቱ ነው። ማሳደግ የባለቤትነት መብት አይሰጥም። ጠባቂው ባለጸጋ ከሆነ ከገንዘባቸው እጁን ይሰብስብ፤ ድሃ ከሆነ ግን በልማድ ተገቢ የሆነውን ያህል ይውሰድ። ገንዘቡንም ታቅፎ አይቀመጥ፤ ሰይዲና ዑመር የየቲሞች ገንዘብ በዘካ እንዳያልቅ እንዲነገድበት መክረዋል። በንግዱ ግን ለራሱ ከእነርሱ በርካሽ አይግዛ፣ የራሱንም በውድ አይሽጥላቸው።

ልጆቹ ለአቅመ ጋብቻ ሲደርሱና ገንዘብ መያዝ መቻላቸው በፈተና ሲታወቅ፣ በምስክር ፊት ይረከቡ። በሻፍዒይ መዝሀብ «አስረክቤአለሁ» የሚል ጠባቂ ያለ ማስረጃ ቃሉ አይታመንም፤ በሐነፊይ ዘንድ በመሐላ ይታመናል። ቢሆንም ጥበበኛ ሰው ሁለት ምስክርና አንድ ደብተር ያዘጋጅ እንጂ በመዝሀቦች ልዩነት አይመካ።

ወቅፍም እንዲሁ ነው። ሰይዲና ዑመር በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ነቢዩን አማክረው መሠረቱን አስቀርተው ፍሬውን ለድሆች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ ሰጡ፤ የማይሸጥ፣ የማይሰጥ፣ የማይወረስም አደረጉት። አስተዳዳሪው በልክ ይብላ፣ ሀብት ግን አያከማችበት አሉ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ሐፍሷ እንድታስተዳድረው ተናዘዙ። ስለዚህ መስጊድን የሚደግፍ የኪራይ ቤት ያለበት ናዚር ከሁሉ አስቀድሞ ቤቱን ይጠግን፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ኪራዩን ማከፋፈል ወቅፉን ማፍረስ ነው። ለልጁ ወይም ለአማቹ ከገበያ ዋጋ በታች አያከራይ፤ ከሣጥኑም «በኋላ እመልሳለሁ» ብሎ አይበደር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከእርሱ ነውና። ወቅፉ በናዚሩ የግል ስም ተጽፎ እንደ ሆነ፣ እርሱ ሲሞት ወራሾቹ «የአባታችን ነው» ይላሉ፤ አበዳሪውም ይከተላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአደራ የተሰጠ ንብረት ከባለአደራው የግል ሀብት የተለየ መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን መለየቱ በጽሑፍ ካልታየ ዳኛው ምን ይይዛል? የወቅፍ፣ የውርስና የሞግዚትነት ጉዳይ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ለቃዲ ፍርድ ቤቶች ተሰጥቶ ነበር፤ ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን ቃዲው የሚዳኘው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ወቅፍ አድራጊው በሕይወት ሳለ፣ በምስክሮች ፊት፣ በመስጊዱ ስም ይጻፍ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን ደካማ ሆኖ ስላዩት በየቲም ገንዘብ ላይ እንዳይሾም መክረውታል። አቡ ዘር እኮ ከታላላቆቹ ባልደረቦች አንዱ ነበር! ደግነት ብቻ አይበቃም፤ ሒሳብ የማያውቅ ሰው አደራውን ባይቀበል ይሻለዋል።

አደራ ተቀብሎ የሞተ ነጋዴስ? ሰዎች ገንዘባቸውን ለዙበይር ኢብኑል ዐዋም ሊያስቀምጡ ሲመጡ፣ ቢጠፋ ባለቤቱ እንዳይጎዳ በማሰብ «አደራ አይሁን፣ ብድር ይሁን» ይላቸው ነበር። በ36 ዓመተ ሒጅራ ሲገደል ዕዳው 2,200,000 ሆኖ ተገኘ። ልጁ ዐብዱላህ መሬት ሸጦ ከፈለ። ወንድሞቹ ውርሱን እንዲያካፍላቸው ቢጠይቁትም እምቢ አለ፤ አራት ዓመት በሐጅ ወቅት «በዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣና እንክፈለው» እያለ አስነገረ። አራቱ ዓመት ካለፈ በኋላ ውርሱን አካፈለ።