የካፓሲተር ቅያሬና ትንሣኤ ሙታን

የአንድ ዕቃ ክፍሎች እየተነቀሉ በሌላ ሲተኩ እስከ መቼ ያው ዕቃ ይባላል? ፕሉታርክ ስለ ቴሴውስ መርከብ ሲጽፍ ያነሣው ጥያቄ ነው። አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበርና ፈላስፎቹ ያው ነው፣ ያው አይደለም እያሉ ለሁለት ተከፈሉ። እኔ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፤ ጥያቄው የመጣብኝ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ማኪንቶሽ ኤስኢ 30 ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኮምፒውተር። ንብረቱ የአጎቴ ነበር። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ቨርጂኒያ ከመጡ በኋላ በቃል ይዘውት የኖሩትን የዳዊት ትርጓሜ በዚህ ባለ 9 ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ፊደል በፊደል እየለቀሙ ጻፉት። ያኔ ፊደላችን የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ አልገባም ነበር፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። ስለዚህ ፎንት የሚሠሩት ሰዎች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ይስሉት ነበር፤ ፊደሉ ብዙ ነውና አንድ ፎንት አልበቃ ሲል ከአንድ በላይ በሆኑ ፎንቶች ላይ ያካፍሉት ነበር። የአጎቴን ጽሑፍ ዛሬ እንዲሁ ብትከፍቱት የሚታያችሁ የተበተነ የላቲን ፊደል ነው።

የዚህ ማሽን ሕመም የታወቀ ነው። ድምፁ ይደክማል፤ ቆይቶም ስክሪኑ ላይ ከመስመር በቀር ምንም አይመጣም። ምክንያቱ ዋናው ሰሌዳ ላይ ያሉት ጥቃቅን የአሉሚኒየም ካፓሲተሮች ናቸው፤ አብዛኞቹ 47 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት። ሥራቸው ኤሌክትሪክ አጠራቅመው በሚያስፈልግበት ቅጽበት መስጠት፣ የሚዋዥቀውን ማርጋት ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። የጎማ መድፈኛቸው ሲያረጅ ፈሳሹ ይሾልካል፤ ሶልደር ሲነካው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሰሌዳው ላይ ተኝቶም ቀጫጭኖቹን የመዳብ መስመሮች ይበላል።

አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ አንድ ወዳጄ "ኦሪጅናሉን አትንካ" ይለኛል። አክብሮቱ ይገባኛል። ግን ኦሪጅናሉ ካፓሲተር በቆየ ቁጥር ኦሪጅናሉን ሰሌዳ እየበላ ነው። እጄን ብሰበስብ የማስቀረው የቱን ነው? ቶማስ ሆብስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመርከቡን ጥያቄ አክብዶት ነበር፤ የተጣሉት ሳንቃዎች ተሰብስበው እንደ ቀድሞው ቢገጠሙ እውነተኛው መርከብ የትኛው ነው? ለሳንቃ ያስጨንቃል። የነቀልኳቸውን ካፓሲተሮች ግን በከረጢት አኑሬአቸዋለሁ፤ እነሱን መልሶ ገጥሞ ማሽን የሚያስነሣ ሰው የለም።

አገር ቤት ይህን ጥያቄ ምእመኑ በሥራ መልሶታል። የሣር ክዳኑ ቤተ ክርስቲያን ይፈርሳል፣ ታቦቱ መቃኞ ይገባል፣ በቦታው ድንጋይና ቆርቆሮ ይቆማል። ሚካኤል ያው ሚካኤል ነው፤ ሌላ ሚካኤል ተሠራ የሚል አልሰማሁም። ይህን እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ግን ድፍረት ይሆንብኛል። ማሽን ታቦት የለውም። ማንነቱ ሃርድ ዲስኩ ነው እንዳልል እሱም ይቀየራል። ጽሑፉ ነው እንዳልል፣ ጽሑፉን ከነፎንቱ ቀድቼ አውጥቼዋለሁ። የድሮ ማኪንቶሽን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬዱ ኢሙሌተሮች ስላሉ የአጎቴ ትርጓሜ ላፕቶፔ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። እንግዲያው ሣጥኑን ለምን አልጥለውም?

ልቤ እምቢ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እምቢታው ናፍቆት ብቻ አይመስለኝም። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ነው። ነፍስ አትሞትም ብለን ብናበቃ ኖሮ ኢሙሌተሩ ይበቃኝ ነበር። ሃይማኖታችን ግን ሥጋም ይነሣል ይላል፤ አፈር የበላው፣ ባሕር የወሰደው ሥጋ። አውግስጢኖስ "የእግዚአብሔር ከተማ" በተባለው ድርሳኑ 22ኛ መጽሐፍ፣ ሰው የበላው ሰው ሥጋ ለየትኛው ይነሣል ከሚሉ ሰዎች ጋር እስከ መሟገት ደርሷል። ይህ ሥጋ ደግሞ በቁሙ ሳለ እንኳ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ያልፋል፣ እኔ ግን ያው በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁት ነኝ። ስለዚህ ሥጋን እናከብራለን፤ ማክበራችን ግን ቅንጣቱን ሁሉ ቆጥሮ መያዝ አይጠይቅም። ማሽኑን እንዳልጥለው የከለከለኝም፣ እንድጠግነው የፈቀደልኝም ይኸው እምነት ነው።

በአሉሚኒየሙ ምትክ ታንታለም ገጠምኩ፤ የሚፈስ ነገር ውስጡ የለም። ያው 47 ማይክሮፋራድ ነው፤ የቮልቱን ልክ ከፍ አድርጌዋለሁ። የብር ቆርቆሮ የመሰለው ወጥቶ ቢጫ ጡብ የመሰለ ገባ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በአሉሚኒየሙ ላይ ምልክቱ የሚያሳየው ኔጌቲቩን ነው፣ በታንታለሙ ላይ ፖዘቲቩን። የቀድሞውን ምልክት ዓይኑን ጨፍኖ የተከተለ ሰው ያቃጥለዋል። ታማኝነት መልክን መቅዳት ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው በታማኝነት ይነድ ነበር።

ሁሉ ይተካል ማለቴ ግን አይደለም። የስክሪኑ ቱቦ አንድ ቀን ይሞታል፤ በምትኩ ጠፍጣፋ ስክሪን የሚገጥሙ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልገጥምም። ካፓሲተሩን አጎቴ አይተውት አያውቁም፤ ከቱቦው ጋር ግን ማታ ማታ ፊት ለፊት ተያይተው የዳዊትን ቃል አንድም እያሉ አውጥተውበታል። እሱ ሲሞት ማሽኑ አረፈ እላለሁ፤ ትርጓሜውን ከላፕቶፔ አነባለሁ።