የባዶ ወንበር ባለአደራ

ሰው ሲሾም «ሹመት ያዳብር!» ብለን እንመርቃለን። ምርቃቱ ያማረ ነው፤ ሹመቱ ይብዛልህ፣ ከዚህ ወንበር ወደሚበልጠው ተሻገር ማለታችን ነው። ተሿሚን «በሰላም አስረክብ» ብሎ የሚመርቅ ሽማግሌ ግን እኔ አልሰማሁም። ቢኖርም ምርቃቱ እንደ እርግማን የሚቆጠርበት ይመስለኛል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከዚህ ካልተለመደ ምርቃት ጋር ይያያዛል። ሕዝብ መርጦ ያስቀመጠው የከተማ ምክር ቤት አባል ዘመኑ ሳያልቅ ቢሞት፣ ሥራውን ቢለቅ ወይም ቢባረር ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ለመሆኑ ያ ባዶ ወንበር የማን ነው? በሹመት የሚቀመጥበትስ ሰው ባለዕዳነቱ ለማን ነው?

ነገሩ የአሠራር እንጂ የሞራል ጥያቄ አይደለም የሚል አይጠፋም። አንድ ወንበር ነው፤ ደንቡ ባዘዘው መንገድ ይሞላል፣ ሥራውም ይቀጥላል ይባላል። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም። መራጭ በድምፁ የሚሰጠው ዕቃ ሳይሆን እምነት ነው። እምነት ደግሞ እንደ ቤትና እንደ መሬት ወራሽ የለውም። እኔ ለአቶ እገሌ የሰጠሁትን ድምፅ፣ አቶ እገሌ ሲሄድ፣ አብረውት ይቀመጡ የነበሩት ሰዎች ለወደዱት ሌላ ሰው ሊያወርሱት አይችሉም። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማ ኀዘን አይቀመጥም። ውኃው መውረድ፣ ቆሻሻው መነሣት፣ በጀቱ መጽደቅ አለበት። ወንበሩ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር የዚያ ሠፈር ሰው ግብር እየከፈለ በምክር ቤቱ ድምፅ አይኖረውም። እንግዲህ ሁለት እውነቶች ተፋጠጡ ማለት ነው፦ ተወካይ ያጣ ሕዝብ ይበደላል፤ ባልመረጠው ሰው የተወከለም እንዲሁ ይበደላል። ጥያቄው ከሁለቱ በደሎች የትኛው ይቀላል፣ የቀለለውስ በምን ይታገሣል የሚል ነው።

ዓለም ለዚህ ችግር ያበጀው መፍትሔ አንድ ዓይነት አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ የጎደለው ወንበር የሚሞላው በልዩ ምርጫ ነው። በቺካጎ ከንቲባው በምክር ቤቱ ስምምነት ሰው ይሾማል፤ ቁጥጥር የሚደረግበት ሰው ተቆጣጣሪውን ይመርጣል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፓሪሽ በሚባሉት የአጥቢያ ምክር ቤቶች ወንበር መጓደሉ በማስታወቂያ ይነገራል፤ 10 መራጮች ምርጫ ይደረግልን ብለው በጽሑፍ ከጠየቁ ምርጫ ይደረጋል፤ ካልጠየቁ ምክር ቤቱ ራሱ ሰው ያስገባል። ዝምታ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ፤ ቢሆንም ባለቤቱ ቢያንስ ተጠይቋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ብዬ የተከታተልኩት ግን የሲያትልን ነው። የዚያች ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ በተለይ ሬይኒየር ቫሊ የሚባለው ሠፈር፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትና የሚነግዱበት በመሆኑ ወሬው ከኛ የራቀ አይደለም። ምክር ቤቱ 9 ወንበር አለው፤ 7ቱን ወረዳዎች፣ 2ቱን መላው ከተማ ይመርጣል። ወንበር ሲጓደል የቀሩት አባላት በ20 ቀን ውስጥ ሰው እንዲሾሙ የከተማዪቱ ቻርተር ያዛል። ተሿሚው የሚቆየው ሕዝቡ በቀጣዩ ምርጫ የፈለገውን እስኪመርጥ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የደቡቡ 2ኛ ወረዳ ሕዝብ ታሚ ሞራሌስን መረጠ፤ ተፎካካሪያቸው ታንያ ዉ በጥቂት መቶ ድምፅ ተሸነፉ። ወዲያው ከመላው ከተማ ወንበሮች አንዱ ባዶ ሆነና 72 ሰዎች አመለከቱ። በጃንዋሪ 2024 ምክር ቤቱ ከነዚህ ሁሉ መካከል የሾመው እነዚያኑ ታንያ ዉን ነበር። በበር ያልገባ በመስኮት ገባ የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ለተሿሚዋም የሚባል አለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድምፅ ሰጥተዋቸዋል፣ ሠፈራቸውንም ያውቃሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ለያዙት ወንበር ራሳቸውን ለሕዝብ አቀረቡ። ሕዝቡም በሰፊ ልዩነት ሌላ ሰው፣ አሌክሲስ መርሴዲስ ሪንክን፣ መረጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በጃንዋሪ 2025 ታሚ ሞራሌስ በፈቃዳቸው ወንበራቸውን ለቀቁና ደግሞ የ2ኛው ወረዳ ወንበር ባዶ ሆነ። በዚህ ጊዜ የተሾሙት ማርክ ሶሎሞን ነበሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ እኚህም ሰው በ2019 በዚሁ ወረዳ በሞራሌስ የተሸነፉ ናቸው። ልዩነቱ ሲሾሙ ለምርጫ እንደማይቀርቡ ቃል መግባታቸው ነው። ቃላቸውን ጠበቁ፤ በኖቬምበር 2025 ሕዝቡ ኤዲ ሊንን መረጠ።

ከሁለቱ ተሿሚዎች የትኛው ይሻላል? ብዙዎቻችን ሁለተኛውን የምንመርጥ ይመስለኛል። «ወንበሩን ለራሴ አልፈልገውም» የሚል ሰው በኛ አገር ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ገልበጥ አድርገን እንየው። ከሕዝብ ምንም የማይፈልግ ሰው ሕዝብን የሚፈራበት ምክንያትም የለውም። ነገ ለምርጫ የሚቀርበው ተሿሚ ግን የዛሬ ሥራው ነገ እንደሚመዘን ያውቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረታችን የሚስማማው መሻሩን አስቀድሞ ለሚያውቅ፣ ተመልሶም ለማይጠየቅ ሰው ነው። በአንጻሩ ደግሞ እወዳደራለሁ የሚለው ተሿሚ የሕዝቡን ወንበር ለራሱ ቅስቀሳ መድረክ አድርጎ ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን በተሿሚው ጠባይ ላይ ጥሎ መሄድ አይቻልም። ጨዋ ሰው ሹሙ ማለት መልካም ምክር ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም። የሲያትልን ሕዝብ በሁለቱም ጊዜ ከባሰ በደል ያዳነው የተሿሚዎቹ ጨዋነት ሳይሆን የተቆረጠው ቀን ይመስለኛል። ሹመቱ ሲሰጥ መመለሻው ቀን አብሮ ታውቋል።

እንግዲያውስ ሹመት ለምን? ወንበሩ እስከ ምርጫው ባዶ ቢቆይስ? ለዚህ መልስ የሚሆነው የዋሽንግተን ዲሲ ታሪክ ነው። በዚያ ከተማ የወረዳ ወንበር በሹመት ሳይሆን በልዩ ምርጫ ይሞላል። በፌብሩዋሪ 2025 ምክር ቤቱ በጉቦ የተከሰሱትን የ8ኛ ወረዳ ተወካይ ትሬየን ዋይትን፣ ፍርድ ቤት ገና ሳይፈርድባቸው፣ አባረራቸው። ወንበሩ እስከ ጁላይ ባዶ ቆየ። በጁላይ ምርጫ ሲደረግ ሕዝቡ እነዚያኑ የተባረሩትን ሰው መልሶ መረጠ። ሕዝቡ ልክ ሠራ ወይም ተሳሳተ ለማለት አይደለም። ምክር ቤቱ ሹም ቢባል ኖሮ ግን እኚህ ሰው በደጃፉም አያልፉም ነበር። ሹመት እጅግ የተጣራ፣ የተማረ፣ ስሙ ያልጎደፈ ሰው ሊሰጠን ይችላል፤ የዚያን ወረዳ ሰው ሐሳብ ግን ሊሰጠን አይችልም። ለዚህም ዋጋው አምስት ወር ያህል ያለ ተወካይ መቆየት ነበር። ዋጋው ቀላል አይደለም። እኔ እንደማየው አጭርና ቀኑ የታወቀ ሹመት ከረጅም ባዶነት ይሻላል፤ ረጅምና ቀኑ ያልታወቀ ሹመት ግን ከባዶነት ይብሳል። ባዶ ወንበር ቢያንስ ባዶነቱን አይደብቅም፤ የሚያየው ሁሉ ባለቤቱን ያስታውሳል።

ታዲያ ተሿሚው በዚያች አጭር ጊዜ ምን የመሥራት መብት አለው? የራሳችን ሕግ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልና ሳይሰጠው የሌላውን ሰው ጉዳይ ስለሚያካሂድ ሰው ይናገራል። ጎረቤቱ መንገድ ሄዶ ሳለ ጣራው ሲያፈስ አይቶ የሚያስጠግን ሰው ዓይነት ነው። ሕጉ ይህን ሰው ደፋር ብሎ አያባርረውም። ሥራውን የያዘው ግን ለራሱ ጥቅም ሳይሆን ለባለቤቱ ብሎ መሆን አለበት፤ በተቻለው ፍጥነትም ለባለቤቱ ማስታወቅ አለበት። በእኔ እምነት በባዶ ወንበር ላይ የሚሾም ሰው ከዚህ ጎረቤት የሚበልጥ ሥልጣን የለውም። የሚያፈሰውን ይድፈን፤ ግድግዳ አያፍርስ። በጀት ያጽድቅ፣ የቆመ ሥራ ያንቀሳቅስ፤ ለ30 ዓመት የሚዘልቅ ውል አይፈርም፣ ሠፈር አያስነሣ። ባለቤቱ ከመንገድ ሲመለስ ቁልፉን ያስረክብ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «ባለአደራ» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ፤ ምክር ቤቱን ግን ሳይረከብ ቀረ። ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ከሌሎች የፓርቲው መሪዎች ጋር ታሰሩ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመና እስከ ግንቦት 2000 ዓ.ም. ከተማዋን አስተዳደረ። ሲያትል ውስጥ የጎደለው አንድ ወንበር ነበር፤ እኛ ዘንድ የጎደለው መላው ምክር ቤት ነው። መሪዎቹ ባይረከቡ ጥፋቱ የማን ነበር የሚለውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ ነው። አደራ የሚባለው ባለንብረቱ በገዛ እጁ ሲሰጥ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ንብረቱን ለሌላ ሰጥቶ ነበር፤ ባለአደራውን የሾመው ደግሞ በዚያችው ከተማ የተሸነፈው ወገን የሚመራው መንግሥት ነው። ባለአደራዎቹ በግላቸው ትጉሃን ቢሆኑ እንኳ አደራ ሰጪያቸው ሌላ ነበር።

ኋላም ሌላ መልክ ያለው ነገር መጣ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑ በ2010 ዓ.ም. ሲያበቃ ምርጫው ተላለፈ፤ የምክር ቤቱም ዕድሜ ተራዘመ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የምክር ቤቱ አባል ያልነበሩት አቶ ታከለ ኡማ በምክትል ከንቲባነት ከተማዋን እንዲመሩ ተሾሙ። የአዲስ አበባ መራጭ ካርዱን ይዞ የተሰለፈው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ለአምስት ዓመት የተሰጠ እምነት ስምንት ዓመት አገለገለ። በየጊዜው ለመተላለፉ ምክንያት ተሰጥቷል፤ አንዳንዱም ምክንያት እውነተኛ ነበር። ይሁንና ቀኑ የሚገፋ አደራ ቀስ በቀስ ርስት ይሆናል። ተቀባዩም መቀበሉን፣ ሰጪውም መስጠቱን ይረሳል። እኔ የምፈራው ይህን ሁለተኛውን መርሳት ነው። ሹም ወንበሩን የራሱ ቢያደርግ አያስገርምም፤ ባለቤቱ የኔ ነው ማለትን ሲተው ግን የሚመልስለት አይገኝም።

ለአንድ ወንበር ምርጫ ማካሄድ ወጪ ነው፣ ደሀ አገር አይችለውም የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ግን ቀን መቁረጥ ገንዘብ አይፈልግም። ተሿሚው እስከ መቼ እንደሚቆይ በሹመቱ ደብዳቤ ላይ መጻፍ፣ ቀጣዩ መደበኛ ምርጫ ሲመጣ ወንበሩን አብሮ ማቅረብ፣ ዕጩዎቹን በአደባባይ መጠየቅ፣ እንደ እንግሊዞቹ አጥቢያም ነዋሪውን «ምርጫ ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብሎ ማማከር በደሀ አገርም የሚቻል ነው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል የአገራችን ሰው። ሰማዩ ሩቅ ከሆነ ዘንድ የአደራውን መመለሻ ቀን በምድር ላይ ቆርጦ መስጠት ይገባል። ተሿሚውንም በሚሾምበት ዕለት፣ ከ«ሹመት ያዳብር» አስቀድመን፣ «በሰላም አስረክብ» ብለን እንመርቀው። የሚከፋው ተሿሚ ካለ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ማወቃችን ጥሩ ነው።