ዳዊት ነን ወይስ ጎልያድ?



ሕፃን ልጅ ማታ ማታ አያቱን የሚለምነው ሁልጊዜ አዲስ ተረት አይደለም። ትናንት የሰማውን፣ መጨረሻውንም የሚያውቀውን ያንኑ ተረት «ድገሚልኝ» ይላል። እኛም ጎልማሶቹ ከእርሱ አንለይም። የተናቀው ታናሽ ኃያሉን ሲጥል፣ የተሸጠው ወንድም ከፍ ከፍ ሲል፣ የተሰደደው በክብር ሲመለስ ለመስማት ጆሮአችን አይሰለችም። አሜሪካዊው ምሁር ጆሴፍ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጀግናው ከቤቱ ወጥቶ፣ በፈተና አልፎ፣ ለወገኖቹ በረከት ይዞ የሚመለስበት ታሪክ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ እንደሚገኝ ጽፎአል።

ይህ ታሪክ የማይሰለቸን ስለ ምን ይሆን? አንደኛው ምክንያት መልካም ነው። የሰው ልብ ግፍ አሸንፎ እንዳይቀር ይመኛል፤ አዳኝንም ይጠብቃል። ይህን ናፍቆት በልባችን ያኖረው ፈጣሪያችን ነውና፣ መጽሐፍ ቅዱስም የዮሴፍንና የዳዊትን ታሪክ አልነፈገንም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ጥንቃቄ ይሻል። ታሪኩን ስንሰማ ራሳችንን በጀግናው ቦታ እናስቀምጣለን። የዳዊትን ታሪክ ሰምቶ «እኔ ጎልያድ ነኝ» የሚል ማን ነው? የዮሴፍንስ ሰምቶ ራሱን ከሸጡት ወንድሞች ጋር የሚቆጥር ማን ነው? ስለዚህ ጎልያድን ከቤታችን ውጭ፣ በጎረቤታችን፣ ቋንቋው ወይም እምነቱ ከእኛ በተለየው ሰው ዘንድ እንፈልገዋለን። ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን ዳዊት፣ ሌላውን ጎልያድ ብለው ሲጠሩ ስንት ደም ፈሰሰ!

ነቢዩ ናታን ይህን ድካማችንን ያውቅ ነበር (2ኛ ሳሙ. 12)። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦር ሜዳ ካስገደለ በኋላ፣ ነቢዩ ተግሣጹን በታሪክ ጀመረ። ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድሀውን አንዲት በግ ነጥቆ ለእንግዳው አረደ አለው። ዳዊትም ልቡ ነደደ፤ ለድሀው ተቆርቁሮ በባለጠጋው ላይ ፈረደ። ያን ጊዜ ናታን ባለጠጋው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ነገረው። ጎልያድን የጣለው እረኛ የድሀውን በግ ነጣቂ ሆኖ ተገኘ። ታላቅነቱ ግን በዚህ ታየ፦ ኃጢአቱን አመነ እንጂ ነቢዩን አላሳደደም።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ይህን የጀግና ታሪክ ፈጸመው፤ ለወጠውም። ከአባቱ ዘንድ ወጣ፣ ተፈተነ፣ በክብር ተመለሰ። ነገር ግን የራሱን ደም አፈሰሰ እንጂ የጠላቶቹን አላፈሰሰም፤ ለሰቀሉትም ምሕረትን ለመነ። በአገራችንም የጎጃሙ መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ስለ እምነታቸው ታስረው እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ፤ በማንም ላይ ሰይፍ አላነሡም። ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የዳዊትን ታሪክ ለሕፃናት ስትነግሩ በጎልያድ መውደቅ አትጨርሱ፤ እስከ ናታን ድረስ አድርሱአቸው። ሁላችንም ማታ ኅሊናችንን ስንመረምር «ጠላቴ ማን ነው?» ከማለታችን በፊት «የማንን በግ ነጥቄአለሁ?» ብለን እንጠይቅ። እግዚአብሔር የዳዊትን ድል ብቻ ሳይሆን ንስሓውንም ያድለን። አሜን።