የተቀጠፈ አበባ ምስክርነት

በደን ውስጥ የሚኖረውን አበባ ለዕውቀት ብሎ መቅጠፍ የተገባ ነውን? ጥያቄው ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ ሳይመስለው አይቀርም፤ ከብት የሚግጠውን፣ ምሳር የሚመነጥረውን ትቶ ስለ አንዲት አበባ መከራከር ምን ይረባል ይል ይሆናል። እኛ ግን ከመቅጠፉ ይልቅ፣ ቀጣፊው ከቀጠፈ በኋላ የሚወድቅበት ዕዳ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

እንሶስላን እንመልከት። ይህ ተክል በደን ውስጥ፣ በወንዝ ዳር፣ ከጥላ ሥር ይበቅላል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያስጌጡበት ቀለም ግን የሚገኘው ከሥሩ ነው። ኸርባሪየም በሚባለው የደረቁ ዕፀዋት መዝገብ ቤት ሊያኖረው የሚሻ ሰው በወረቀት መካከል ዘርግቶ በጣውላ ይጫነዋል። ግንዱ ውሃ ያዘለ ስለ ሆነ እንዳይሻግት እርጥቡን ወረቀት ደጋግሞ ይለውጣል። ይህም ሁሉ ተደርጎ የአበባው ቅርጽ ይጣመማል፤ ቀለሙም ይጠፋል። እንግዲህ የጠፋውን የሚተካው በግርጌ የሚለጠፈው ቁራጭ ጽሑፍ ነው፤ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የአበባው ቀለም፣ የሰብሳቢው ስም። ይህ ከሌለ የተኖረው ድርቆሽ ነው። ቀንና ፊርማ የሌለው ደብዳቤ የገጠመው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነገሩን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ጀርመናዊው ሺምፐር፣ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን ብንቆጥር፣ ከ1837 ጀምሮ በ1878 እስኪሞት ድረስ በሰሜን ኢትዮጵያ ኖሮ ዕፀዋት ሰብስቧል። ከየዓይነቱ ብዙ እያደረቀ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ይልክ ነበር። ይህ በጊዜው ስስት ሊመስል ይችል ነበር፤ ነገር ግን በ1943 የበርሊኑ ስብስብ በአየር ድብደባ በተቃጠለ ጊዜ፣ ከዚያው እጅ የወጡት አቻዎቹ በሌላ አገር ተገኙ። ስለዚህ አብዝቶ መቅጠፍ ሁልጊዜ ነውር አይደለም፤ ተክሉ ጥቂት በሆነበት ስፍራ ግን አንዱን እንኳ መንቀል በደል ነው።

ሌላም ዕዳ አለ። በ1847 ፈረንሳዊው ሊቅ አሺል ሪሻር እንሶስላን «ቲንክቶሪያ» ብሎ ሰየመው፤ በላቲን «የማቅለሚያ» ማለት ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ዕውቀት የአገራችን ሴቶች ነበር፤ ከተክሉ ስም ጋር የሚጻፈው ግን የሪሻር ስም ብቻ ነው። ሊቁን አንወቅስም፤ የሙያው ሥርዓት እንዲህ ነውና። ሆኖም ሥርዓት ሁሉ ፍትሕ ነው ልንል አንደፍርም።

ዛሬ አዲስ አበባ በ1959 የተመሠረተ ብሔራዊ ኸርባሪየም አላት፤ ከ1980 እስከ 2009 በተከናወነ ሥራም ወደ 6000 የሚጠጉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ዓይነቶች በመጻሕፍት ተገልጸዋል። ሰብሳቢዎቹ አሁን የአገሩ ልጆች ናቸውና ምክንያት አይኖረንም። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ደን የሚወጣ መምህር ሳይቀጠፍ በፊት ተክሉ ብዙ መሆኑን ያስቆጥር፤ የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራውና ለምን እንደሚያውለው ያስጠይቅ፤ ነጋሪውም ከፈቀደ ስሙን ከሰብሳቢው ስም ቀጥሎ ያስጽፍ። ወረቀቱ ለአንድ መስመር የሚሆን ቦታ አያጣም።