የመዝገብ ዝምታና የአርብቶ አደሩ ሞት

በሽታን በታሪክነቱ የሚያጠና ምሁር አስቀድሞ የሚሻው ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም የሐኪም ማስታወሻ፣ የቆንስላ ደብዳቤ፣ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ነው። ለመሆኑ እነዚህ ባልነበሩበት ምድር ያለቀ ሕዝብ በታሪክ ፊት እንዴት ይቆጠራል? ጥያቄው በጂግጂጋ፣ በቀብሪበያህና በአውበሬ አካባቢ የኖረውን የሶማሌ ኅብረተሰብ ያለፈ ዘመን ለመጻፍ የሚነሣውን ሁሉ የሚፈትን ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ በሰፊው ተጽፎለታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር፤ እንደ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያሉ ጸሐፊዎች ያዩትን አቆይተዋል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም ኋላ ምስክርነቱን አሰባስቦ ለማጥናት ችሏል። በምሥራቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ተከታዮች በመጋቢት 1892 ዓ.ም. የጂግጂጋን ምሽግ ማጥቃታቸው በየመጽሐፉ ይገኛል። ሰይዱ በታኅሣሥ 1913 ዓ.ም. በኢሚ ማረፋቸው፣ ብዙዎች እንደሚጽፉትም ኢንፍሉዌንዛ እንደ ገደላቸው ተመዝግቧል። በዚያው ወራት በጉድጓድ ውኃ ዙሪያ ስለ ነበረው እረኛ የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ጦርነት ጸሐፊ አያጣም፤ ሳል ግን የአለቃ ሳል ካልሆነ ማን ይጽፈዋል?

እርግጥ ሶማሌው ታሪኩን በቃል ይዟል። ከጂግጂጋ ማዶ፣ እንግሊዝ ይገዛው በነበረው ምድር፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማ የደረሰው ረኃብ «ሐራማ ዑኔ» ይባላል፤ የተከለከለው የተበላበት ዘመን ማለት ነው። ይህ ስም የሙታን ቁጥር ሊነግር የማይችለውን ይናገራል፤ ሰው ለመኖር ሲል የትኛውን ሕጉን እንደ ጣሰ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን እልቂት «ክፉ ቀን» ያለው አማርኛ እንኳ ይህን ያህል አልደፈረም። ይሁንና የቃል ግጥምም መራጭ ነው፤ ጀግናውንና ግመሉን ያስቀድማል። ስለዚህ ተመራማሪ ቃልን እንደ ጌጥ ጠቅሶ ማለፍ ወይም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ መቀበል የለበትም፤ እንደ ማንኛውም ምስክር ሊመረምረው ይገባል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን መዝገቡ ዝም ስላለ አገሩ ጤና ነበር ብሎ መጻፍ ነው።

ይህ ዝምታ አንድ ጊዜ ተሰብሯል። ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ በጥር 1963 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሠራተኞቹ የበሽተኛ ሥዕል ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት እየጠየቁ፣ በእግርም በሄሊኮፕተርም ተጓዙ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኤል ከሬ አካባቢ፣ ዲሞ በምትባል መንደር፣ የአገሪቱ የመጨረሻ ሕመምተኛ የሆነች ሕፃን ተገኘች። የአርብቶ አደር ልጅ ሕመም ቀኑ ሳይቀር በዓለም መዝገብ ገባ። ሆኖም የተፈለገችው ሌላው ዓለም ከፈንጣጣ ይድን ዘንድ እርሷ መገኘት ስለ ነበረባት ጭምር ነው፤ ይህን መናገር የዘመቻውን ታላቅነት አይቀንስም። ከእርሷ አስቀድሞ በዚያው ደዌ ያለቁት «ፉሩቅ» በሚለው የሶማሊኛ ስም ብቻ ይታወሳሉ፤ ፊታቸው ላይ ጠባሳውን ይዘው ስለዚያ ዘመን ሊናገሩ የሚችሉት ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።