የማይሞላው ባዶ ቦታ

በገጠር ያደገ ሰው እሳትን በቤቱ መካከል ያውቀዋል። ጉልቻው እዚያው ነው፤ ጭሱም በሣር ክዳኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ሲያልፍም ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል። ማታ እናት ፍሙን በአመድ ታዳፍናለች። የዚያ ቤት ደኅንነት ያለው በእሷ ዓይንና እጅ ነው።

አሜሪካ መጥቶ ቤት የገዛ ሐበሻ የሚያገኘው ምድጃ ሌላ ነው። እሳቱ በጡብ ተከብቦ ግድግዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ግድግዳው ግን ከቀለሙና ከጂፕሰሙ ጀርባ እንጨት ነው። እሳትና ጭድ የምንላቸው ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ ማለት ነው። እዚህ በመካከላቸው የሚቆመው የግንባታ ሕጉ ነው።

ባለፈው መስከረም አንድ ወዳጄ ሜሪላንድ ውስጥ የገዛውን አሮጌ ቤት ሲያስመረምር አብሬው ነበርኩ። መርማሪው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ምድጃውን አየት አደረጉና መሰላል ጠየቁ፤ ከኮርኒሱ በላይ ወጥተው የጡቡ ጭስ ማውጫ ጣሪያውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ባትሪያቸውን አበሩ። በጡቡና በተሸካሚው እንጨት መካከል ያለው ክፍተት ብርድ ለመከላከል በሚነጠፈው ቢጫ ፋይበር ታጭቋል። በእፍኝ በእፍኝ እያወጡ ጣሉት። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ የእንጨቱን ጠርዝ ጫር ቢያደርጉት ጥቁር ዱቄት ረገፈ። ያ እንጨት ነበልባል አይቶ አያውቅም።

የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አብዛኞቹ የሚከተሉት፣ በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የመኖሪያ ቤቶች ኮድ ስለዚህ ቦታ የሚለው አጭር ነው። በቤት ውስጥ በሚያልፍ የጡብ ጭስ ማውጫና በማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር መካከል ቢያንስ 2 ኢንች፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክፍት አየር ይኑር። ከምድጃው ጀርባ ደግሞ 4 ኢንች። ክፍተቱም እሳት ማገጃ ከሚደረግበት ቦታ በቀር አይሞላም።

አይሞላም የሚለው ቃል ብዙ አሳስቦኛል። እኛ ሰዎች ባዶ ቦታ ስናይ መሙላት ይቀናናል። ያንን ፋይበር የጠቀጠቀው ሰውም ቤቱ እንዲሞቅ፣ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው አስቦ ይሆናል። ግን ጡብ ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ክፍተቱ ባዶ ሲሆን ሙቀቱ በአየሩ ይበተናል፤ ሲታጨቅ እዚያው ይጠራቀማል። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጋል እንጨት ደግሞ ከዓመት ዓመት ባሕርይው ይለወጣል፣ ወደ ከሰልነት ይጠጋል፣ ጤነኛ እንጨት ከሚቀጣጠልበት ባነሰ ሙቀትም ሊነሳ ይችላል። ሃያ ዓመት ያለ ችግር የነደደ ምድጃ ለሃያ አንደኛው ዓመት ዋስትና አይሆንም፤ ያ ሁሉ ዓመት እንጨቱን ሲያዘጋጀው ከርሞ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ትዕግሥተኛውን እሳት ያውቀዋል፣ ለዚህም ነው ማንም በማያየው ቦታ ላይ የጸናው።

ሌሎቹን ልኬቶች በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት ወለሉ 16 ኢንች ያህል የማይቃጠል ይሁን፣ አፉ ሰፊ ከሆነ 20 ይድረስ የሚለው ለሚፈናጠር ፍም ነው። ጭስ ማውጫው ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 3 ጫማ ከፍ ይበል፣ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ ካለ የቤቱ ክፍልም በ2 ጫማ ይብለጥ የሚለው ጭሱ በደንብ እንዲሳብና ብልጭታው ከጣሪያ እንዲርቅ ነው።

እነዚህ ኢንቾች ከመከራ የመጡ ናቸው። በ1631 ቦስተን ውስጥ የአንድ ቤት ጭስ ማውጫ ተቀጣጠለ። የተሠራው ከእንጨት ፍልጥ ነበር፤ ጭቃ ተመርጎ ሳለ ምርጊቱ ጫፉ ላይ አልደረሰም። እሳቱ ሣር ክዳኑን ይዞ ቤቱን አወደመ፣ ከተማይቱም የእንጨት ጭስ ማውጫንና ሣር ክዳንን ከለከለች። በ1648 ዛሬ ኒው ዮርክ በምንላት ኒው አምስተርዳም ፒተር ስታይቬሳንት ጭስ ማውጫ የሚፈትሹ ሰዎች ሾመ፤ ከቅጣቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለባልዲና ለመሰላል መግዣ ዋለ። ምርጊት ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች የቦስተኑን ቤት በዓይናችን ማየት አይከብደንም።

ቤቴ ነው፣ እሳቴ ነው፣ ኢንች መቁጠር ምን አመጣው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ቤት ከባለቤቱ ዕድሜ ይተርፋል። ወዳጄ ያንን ፋይበር የጠቀጠቀውን ሰው አያውቀውም፤ ያ ሰውም አንድ ቀን የወዳጄ ልጆች ከዚያ ጣሪያ ሥር እንደሚተኙ አላወቀም። ሕጉ የቆመው በነዚህ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው፣ እኔም የማከብረው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኮዱ በዋናነት የሚያዝዘው አዲስ ግንባታን ነው፤ ቀድሞ የተሠራውን ቤት አንኳኩቶ አይገባም። ብዙዎቻችን የምንገዛው ደግሞ አሮጌ ቤት ነው። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደረጃ ጭስ ማውጫ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይላል። ስለዚህ ዘንድሮ የመጀመሪያዋን ክብሪት ከመጫራችሁ በፊት ባለሙያ ጥሩ፤ ሲመጣም ምድጃውን ብቻ አይቶ እንዳይሄድ፣ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ ክፍተቱን በባትሪ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።