ችሎታ ላለው፦ የባሕር አልጌ፣ የከብት መኖና የመካ እርድ

የአረፋ በዓል ሲቃረብ የጅዳ እስላማዊ ወደብ ከበርበራ፣ ከጅቡቲና ከሱዳን ዳርቻ በሚመጡ እንስሳት ይጨናነቃል። ከእነዚህ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ብዙዎቹ ተወልደው ያደጉት በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ግጦሽ ላይ ነው። ከጅዳ እስከ መካ ያለው መንገድ ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ግን ጥንቁቅ ሕግ ይጠብቃቸዋል። በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ከብቱ ሁለት ዓመት፣ ግመሉ አምስት ዓመት መሙላት አለበት፤ ዓይኑ የጠፋ፣ አንካሳነቱ የታወቀ፣ በሽታው የለየለት፣ ከስቶ አጥንቱ የቀረ እንስሳ ለኡድሒያ፣ ማለትም ለበዓሉ መሥዋዕት፣ አይበቃም። ሕጉ የሚመረምረው አካልን ነው። ዘመናችን ደግሞ ስለ እንስሳው ትንፋሽ ሌላ ጥያቄ አምጥቷል፤ የሚያመሰኳ እንስሳ ሁሉ ምድርን የሚያሞቀውን ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣልና። ይህን ጋዝ በእጅጉ የሚቀንስ የባሕር አልጌ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ፣ አልጌውን ለእንስሳ ማብላት የአማኝ ግዴታ ሊሆን ይችላል ወይ? ከሆነስ የማን ነው? ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። ነገር ግን ሐጅ ራሱ የሚጸናው ችሎታ ባለው ሰው ላይ ብቻ እንደሆነ ሁሉ ይህም ግዴታ በችሎታ መመዘን አለበት፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ ዕዳው የሚያርፈው ከጅጅጋ ይልቅ በጅዳ ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በእንስሳው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ነው። ሣሩ ሲብላላ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ እዚያ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሚቴን ያደርጉታል፤ እንስሳውም አብዛኛውን በአፉ አግስቶ ያወጣዋል። ለባለቤቱም ቢሆን ኪሳራ ነው፤ ከመኖው ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚደርሰው ሥጋም ወተትም ሳይሆን በዚህ መንገድ ይባክናል። አስፓራጎፕሲስ የተባለው በሞቃት ባሕሮች የሚበቅል ቀይ አልጌ ብሮሞፎርም የተባለ ውሁድ በውስጡ ይዟል፤ ይህ ውሁድ ሚቴን የሚሠራበትን የመጨረሻ ደረጃ ያግዳል። በዚህ ምርምር ስማቸው ከሚነሣ ሳይንቲስቶች አንዱ ትውልደ ኤርትራዊውና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ከብረአብ ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት በገንዳ የሚመገቡ የሥጋ ከብቶች ለ21 ሳምንታት ጥቂት አልጌ ከመኖአቸው ጋር ሲደባለቅላቸው ሚቴናቸው እስከ 82 በመቶ ቀንሷል። በግጦሽ ላይ ባሉ ከብቶች ተደርጎ በ2024 የታተመው ሙከራ ግን የሰጠው ቅናሽ 38 በመቶ ገደማ ነው። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ወሳኝ ስለሆነ እመለስበታለሁ። ሚቴን በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ቢሆንም፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ሙቀት የማመቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ነው። ዛሬ የሚቀንሰው ትውልድ ፍሬውን በራሱ ዕድሜ ያያል ማለት ነው።

የከብት መኖ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው የእስልምናን ሕግ ታሪክ መመልከት ይበቃዋል። ቆሻሻ መብላት የለመደ፣ ጀላላ የሚባል እንስሳ ሥጋና ወተቱ በአንዳንዶቹ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) የተከለከለ፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ የተጠላ ነው፤ ተለይቶ ታስሮ ንጹሕ መኖ እየበላ የተወሰኑ ቀናት ሲቆይ ብቻ ይጠራል። የቀናቱ ብዛት እንደ እንስሳው ዓይነት ይለያያል፤ ሊቃውንቱም ተከራክረውበታል። ሕጉ ገና ከጥንት የመመገቢያውን ገንዳ አይቷል። ራስንም ሌላውንም መጉዳት ክልክል ነው የሚለው መሠረታዊ መርህም አለ፤ ሐኪሙም ነጋዴውም ጎረቤቱም በዚሁ ይዳኛል። እ.ኤ.አ. በ1983 በጅዳው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ምሁራን ለሳዑዲ የሜትሮሎጂና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያዘጋጁት፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ያሳተመው ጽሑፍ አየርን፣ ውሃን፣ አፈርን፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን መጠበቅ ከአማኝ አደራ ውስጥ መሆኑን ከሸሪዓ ምንጮች ተንትኗል። የአየር ንብረት ለውጥ ገና የፖለቲካ አጀንዳ ባልሆነበት ዘመን ይህ ሐሳብ ከጅዳ መውጣቱ ሊዘነጋ አይገባም። አየር በአደራ የተሰጠ ከሆነ፣ የሚታወቅና በቀላሉ ሊወገድ የሚችል ጉዳት በዚያ አየር ላይ መልቀቅ ከመርሁ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ግን «በቀላሉ» የሚለው ለማን ነው? አልጌው በየቀኑ፣ በልኩ፣ ከመኖ ጋር ተደባልቆ መሰጠት አለበት፤ ሲቋረጥ ሚቴኑ ይመለሳል። ከ82 ወደ 38 በመቶ የወረደውም እንስሳው በሜዳ ሲግጥ ምን ያህል እንደወሰደ መቆጣጠር ስለሚያስቸግር ነው። ለዚያውም ያ ሙከራ የተደረገው ባለቤቱ ተጨማሪ መኖ በሚያቀርብበት የአሜሪካ የከብት እርባታ ነው። በዋርዴር ወይም በያቤሎ ውሃ ፍለጋ ቀናት የሚጓዝ መንጋ ገንዳ የለውም፤ ኢትዮጵያም የባሕር በር የላትም። በአንጻሩ ሳዑዲ ዓረቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ላሞችን በጥላ ሥር አቁመው በተመዘነ መኖ የሚቀልቡ ግዙፍ የወተት እርሻዎች አሏት። ከጅዳ በስተሰሜን በቱወል ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቀይ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር አልጌ ይመራመራል። መንግሥቱም በጥቅምት 2021 የዓለምን ሚቴን እስከ 2030 በ30 በመቶ ለመቀነስ የተገባውን ቃል ኪዳን እንደሚቀላቀል አስታውቋል። ባሕሩ፣ ገንዳው፣ ገንዘቡ፣ ዕውቀቱና ቃሉ በአንድ አገር ተገናኝተዋል። የችሎታ ትርጉም ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ይህ ሚዛን አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኸሊፋው ዑመር ኢብን አል-ኸጣብ ለተከለለው የግጦሽ መሬት ጠባቂ የሰጡት ትእዛዝ በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል፦ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለው ደሃ እንዲገባ፣ የነዑስማን ኢብን ዐፋንና የነአብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ ከብት ግን እንዲከለከል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሀብታሙ ከብት ቢያልቅ የሚመለስበት እርሻና ተምር አለው፤ ደሃው ግን ልጆቹን ይዞ ደጅ ይጠናል። ዛሬም ጉዳቱ የሚወድቀው በዚሁ ደሃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲጠፉ በሶማሌ ክልልና በቦረና ያለቀው ከብት በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2000 በጂዛንና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሣ ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ እንስሳን አገደች፤ ዕገዳው እስከ 2009 ቆየ። በሽታን መከላከል አግባብ ነበር፤ የዚያን ውሳኔ ክብደት የተሸከመው ግን አርብቶ አደሩ ነው። ነገ ደግሞ «ሚቴኑ ያልቀነሰ እንስሳ አይገባም» የሚል ደንብ ቢወጣ፣ አየር ንብረቱን ያላበላሸው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይቀጣል። አልጌው ግዴታ የሚሆነው ለሚችል እንጂ የማይችለውን ከገበያ ለማስወጣት አይደለም።

ፈጣሪ የሠራውን መለወጥ ነው የሚል ተቃውሞ ይሰማል፤ ከልብ የሚነሣ ስለሆነ ከልብ ሊመለስ ይገባዋል። ሊቃውንቱ ያወገዙት የእንስሳን አካል መቁረጥን፣ ማጉደልንና ማበላሸትን ነው። አልጌው ከከብቱ አካል የሚቆርጠው የለም፤ መኖው ሲቀየር ጨጓራው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከብት አርቢያችን ከብቱን ቦሌ (ጨዋማ አፈር) ወዳለበት ወስዶ ያልሳል፣ አሞሌ ይሰጣል፤ ይህም በጨጓራ ውስጥ ያለውን ሥራ መንካት ነው፤ ማንም ግን ኃጢአት አላለውም። ከባሕር የሚገኝ ምግብም በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ በኢሕራም ያለ ሐጅ አድራጊ የየብስ አውሬ ማደን ሲከለከል የባሕር አደን አልተከለከለም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ምግብ ሐላል መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ መልካምና የማይጎዳም መሆን አለበት፤ ብሮሞፎርም ደግሞ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ የመደበው ውሁድ ነው። በኔዘርላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት አልጌውን በበሉ ላሞች ወተትና ሽንት ውስጥ ብሮሞፎርም ተገኝቷል፤ አንዳንድ ላሞች መኖውን እምቢ ብለዋል፤ በጨጓራ ግድግዳቸው ላይም መጎዳት ታይቷል። በካሊፎርኒያ በወተት ላሞች ላይ በተደረገው ቀደምት ሙከራም የአልጌው መጠን ከፍ ሲል ላሞቹ የሚበሉት ቀንሷል፣ ወተታቸውም ጎድሏል። በሌሎች ጥናቶች በዝቅተኛ መጠን ሥጋው ውስጥ የሚያሰጋ ነገር አለመገኘቱ እውነት ነው። ቢሆንም ለሕፃን የሚቀርብ ወተት በ«ምናልባት» አይጠጣም። እዚህ ላይ የጀላላ ሕግ ራሱ መንገዱን ያሳያል፦ ጥርጣሬ ያለበት መኖ ሲኖር እንስሳው ይለያል፣ ይጠበቃል፣ እስኪጠራ ይቆያል። ስለዚህ ግዴታው ዛሬ የሚጸናው በመመርመር ላይ ነው። ምርምሩን ለመክፈል አቅም ያለው ወገን ደህንነቱ እስኪረጋገጥ መሥራት፣ ሲረጋገጥም ማብላት አለበት። እርግጠኛ አይደለሁም ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ችሎታ ላለው ሰው ምክንያት አይሆነውም።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ራሴም በከፊል እቀበለዋለሁ፤ በዓለም ትልቁ የነዳጅ ላኪ አገር ስለ ላም ግሳት መነጋገር ዋናውን ጉዳይ መሸሸጊያ ይሆናል የሚለውን። የሳዑዲ ላሞች ሁሉ አልጌ ቢበሉ እንኳ ከተሸጠው ነዳጅ ከሚወጣው ጋዝ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በሰኔ 2024 የመካ ሙቀት በታላቁ መስጊድ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ፣ መንግሥቱ ራሱ እንዳስታወቀው 1,301 ሐጅ አድራጊዎች የሞቱበት ያ ሙቀት ከላሞች የመጣ አይደለም። የሐጅ ሕግ ግን ለዚህም መልስ አለው። የመክፈያ ጊዜው የደረሰ ዕዳ ያለበት ሰው መጀመሪያ ዕዳውን ይከፍላል፤ ለሐጅ ያለው ችሎታ የሚቆጠረው ከዚያ በተረፈው ነው። ነዳጁ ዕዳ ነው። አልጌው ዕዳውን አያወርድም፣ ማካካሻም አይሆንም። ዕዳ ያለበት ሰው ግን በዕዳው ምክንያት ሌላ ጉዳት እንዲያደርስ አይፈቀድለትም፤ ሁለቱ ግዴታዎች አንዱ ሌላውን ሳይሽር ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ለመካ እርድ የሚመጡት እንስሳት ራሳቸው ግን በአልጌው አይደረስባቸውም፤ ዕድሜአቸውን የሚያሳልፉት በእኛ ቆላ ነውና፣ ጅዳ ደርሰው በሚቆዩባቸው ጥቂት ቀናት አልጌ ማብላት ትርጉም የለውም። እዚህ ላይ የገዢው ድርሻ በሌላ መልክ ይመጣል። የእስላማዊ ልማት ባንክ ከጅዳ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ያስተዳደረው የሐድይና የኡድሒያ (የሐጅና የበዓል መሥዋዕት) ሥጋ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሐጅ አድራጊው ኩፖን ገዝቶ እርዱን በውክልና እንዲፈጽም፣ ሥጋውም በብዙ አገሮች ላሉ ድሆች እንዲደርስ ያደርጋል። ያ አሠራር ሥጋውን ወደ ድሃው አገር መላክ ከቻለ፣ ከኩፖኑ ዋጋ ጥቂቱን እንስሳው ወደተወለደበት ቀዬ መመለስም ይችላል፦ ለክትባት፣ ለእንስሳት ሐኪም፣ ለድርቅ ጊዜ ድርቆሽ፣ ለውሃ ጉድጓድ። በሽታና ረሃብ ያላጎሳቆለው በግ ቶሎ አድጎ ለገበያ ይደርሳል፤ ቶሎ የደረሰ በግ በሕይወት ዘመኑ የሚያወጣው ሚቴን ያነሰ ነው፤ እንደ ሶማሌ ክልል ባለ አገርም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሥጋ የሚወጣውን ጋዝ ለመቀነስ የሚሠራው መንገድ ይኸው ነው። ያለ ዕድሜው በድርቅ የሞተ በግ ደግሞ ሚቴኑን አውጥቶ ለማንም ሥጋ ሳይሆን ይቀራል።